የአባዬ ላፕቶፕ ትንሿ ባትሪ

ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬም እንቢ አለ። ስከፍተው ጢጥ ይላል፣ ሰዓትና ቀን ጠፍቷል የሚል ጽሑፍ ያወጣል፣ ይደርቃል። አራተኛ ጊዜ። ደብተሬ፣ ልወረውረው ነበር።

ግን አልችልም። አባዬ የታሪክ መ/ር ነበር፤ በየክረምቱ ከማክሰኝት እስከ ጠዳ ገጠሩን እየዞረ የዘር ሐረግ ሲጠይቅ ኖረ። ሁሉም እዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ቅጂ የለውም። አባዬ ከሞተ አምስት ዓመቱ፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። አሁን የእኔና የብሩክ ሠርግ በእሱ ላይ ተንጠለጠለ።

የብሩክ አጎት አያ ዘለቀ ከጠዳ መጥተው ዘራችሁ ይነካካል አሉ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ቅዳሜ 4 ሰዓት ሽማግሌዎቹ የአባዬን ጽሑፍ ሊያዩ ይመጣሉ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰውም ይዘው፤ ፋይሉ የተነካበትን ቀን ያያል፤ አባዬ ከሞተ በኋላ ከሆነ አይቀበሉም። ለጥር 23 ድንኳን ይዘናል እኮ! ነገር ፈላጊ ሽማግሌ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

በምሳ ሰዓት ከምሠራበት የሆስፒታል ላብራቶሪ አምልጬ ፒያሳ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጌታሁን ላፕቶፑን ፈታታው። ዋናው ባትሪ አይደለም አለኝ፤ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሿ ናት፣ ሞታለች። መሞቷ ሳያንስ ፈሳለች። አረንጓዴ ዝገት ቦርዱን ይዞታል። ሶኬት ላይ እንዳልሰካው አስጠነቀቀኝ። አራት ጊዜ እንደሰካሁት አልነገርኩትም። አፈርኩ።

ለብሩክ ደወልኩ። ይስተካከላል ይላል። ለእሱ ምን የማይስተካከል አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጌታሁን ዝገቱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ጠረገ። እንዲህ ያለ ባትሪ ጎንደር ውስጥ አልተገኘም። ከሌላ የሞተ ላፕቶፕ አውጥቶ ሽቦውን ሊቀጥል ነው። ቀዩና ጥቁሩ ከተሳሳተ ቦርዱ አበቃለት አለ። ይህን እያለ ሻይ ይጠጣል! እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ።

«ምነው እህቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ። እጄን አታንቀጥቅጭው።»

ተቀመጥኩ። አልጨረሰም። እሑድ ከተራ ነው፤ ከነገ በኋላ ሱቁን ይዘጋል።

ዓርብ፣ ጥር 8፣ ማታ 12፡30

ተነሳ! ጌታሁን ቀኑን ሞላ፣ አጠፋው፣ አበራው፣ ያዘ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ቤት ስደርስ መብራት የለም። ዋናው ባትሪ ዱሮ ስለሞተ ያለ መብራት አይሠራም። ቁጭ ብዬ አምፖል አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት

መብራት መጣ። ፋይሉ ተከፈተ። የእኛን ቆጠርኩ። የብሩክን ቆጠርኩ። እንደገና፣ በጣቴ። አንዲት ሴት ላይ ተገናኘን፣ ወለተ ሚካኤል። በብሩክ ስምንተኛ፣ በእኔ ሰባተኛ። በሁለታችንም ከሰባት ማለፍ ነበረበት። የፈሩት ይደርሳል።

በአንድ ቤት! በአንድ!

2 ሰዓት

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ገና አሁን አየሁት። ጌታሁን ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ስለዚህ ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቷል። አባዬ ያኔ በሕይወት ነበር። አሁን በእኔ በኩል አንድ ስም ብጨምር እሱ የጨመረው ይመስላል። ማንም አያውቅም።

ጻፍኩት። ተሰማ አልኩት። ስምንት ሞላ። ብሩክን እወደዋለሁ፣ ደብተሬ።

ከወለተ ሚካኤል ስም ጎን የአባዬ ማስታወሻ አለ። ሁለት ሰዎች በስሟ አልተስማሙለትም፤ ሦስተኛ ሊጠይቅ ስድስት ሰዓት በእግሩ ሄዷል። ለአንድ ስም። እኔ ተሰማን በአንድ ደቂቃ ወለድኩት።

2፡40

ሴቭ ሳላደርግ ዘጋሁት። ዓመቱንም አስተካከልኩ። ከእንግዲህ ብነካው የእኔ እጅ መሆኑ ይታወቃል። አለቀስኩ። ብሩክ ደወለ፤ ተከፈተ ወይ አለ። ከሽማግሌዎቹ ቀድመህ ና፣ ብቻህን፣ አልኩት። በባጃጅ እየመጣ ነው። አያ ዘለቀ አይነግሩትም፤ እኔው ነኝ የምነግረው። ባጃጅ ቆመ። በሩን ልክፈትለት።