የእናታችን ማስጫ

ለውድ ወንድሜ ለዜፈሪኖ፣

ይህ ደብዳቤ በገዛ እጄ ተጽፎ ሲደርስህ ብትደነግጥ ጥፋተኛዋ ግራሲንዳ ናት፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ አስተማሪ ሆና የተመለሰችው። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? የፈረንሳይ ብርድስ ለቀቅ አድርጎሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ግራሲንዳ የብርዱን ወራት ስምንት ሴቶችን ጀልባ ማሳደሪያው ውስጥ ሰብስባ ፊደል አስቆጠረችን። ጎረቤቴ አልበርቲና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በስልሳ ሦስት ዓመትሽ ቄስ ልትሆኚ ነው?» እያለች ስትስቅብኝ ከረመች። አሁን የመድኃኒቷን ወረቀት የማነብላት እኔ ነኝ። አንተ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ከእናታችን ጋር እስከ ደረቴ ባሕር ውስጥ ቆሜ፣ ለእርሻ የሚሆነውን የባሕር ሣር በመንሽ ስጎትት እውል ነበር። ፊደል ሳልቆጥር መቅረቴ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ሣሩን እናሰጣበት የነበረውን ማስጫችንን ብታየው አታውቀውም። ገበሬው ማዳበሪያ በከረጢት መግዛት ከጀመረ ወዲህ ሣር የሚያሰጣ የለም። እናታችን ለድንበር የተከለቻቸው አራት ነጭ ድንጋዮች የልጆቹ የኳስ ግብ ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ ከዳር ቆመው የተተከለ እንጨት በብረት መትቶ የመጣል ጨዋታቸውን ይጫወታሉ፤ «አንተ ዕውር፣ ባሕሩን ማን ምታ አለህ?» እየተባባሉ ሲነታረኩ ይመሻል። ለቅዱስ ጴጥሮስ በዓልም እዚያው ተጨፈረ። እኔም ባለፈው እሑድ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩ። ያ ባሕር ያለ ሥራ ሲነካኝ የመጀመሪያዬ ነው። አምላኬን አመሰገንኩ።

ባለፈው ወር የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። «የአጥር ማሳደሻ ፈቃድ ነው፤ እንደ ወትሮው የመስቀል ምልክት ካደረግሁበት ላይ አውራ ጣትሽን አትሚበት» ብለኸኝ ነበር በስልክ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ አነበብኩት። ማስጫው ለሆቴል ሠሪ ይሸጣል ነው የሚለው። ሰውየው ዙሪያውን ግንብ ሊያቆምበት ነው። ከዚህ በፊት ያተምኩባቸው ምን ይሉ እንደነበር አልጠይቅህም። ጣሪያዬን ያሳደስክልኝ፣ በየገናው መድኃኒት የምትልክልኝ አንተ ነህ፤ ውለታህን አልክድም። ማስጫው ግን የእናታችን ነው፤ ፈቃዴን አልሰጥም።

ባለቤትህን ኦዴትን እጅ ነሥታሻለች በልልኝ። አማትህንም እንዲሁ። ትንሿ ልጅህ ሉሲል ለላከችልኝ ሥዕል ምስጋናዬ ይድረሳት፤ ለዕረፍት ስትመጣ የምትጫወትበት ቦታ ይጠብቃታል።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። ከታች ያለውን ስሜን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከእንግዲህ በአውራ ጣቴ አልፈርምም።

እህትህ ዴኦሊንዳ
አረያል፣ ፖርቱጋል፣ ኦገስት 14 ቀን 1979