ስምሽ የተጸለየበት ቀን

ውድ እህቴ ተረፈች፣

የአባባ ቀብር ዕለት፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ክንዴን ይዘሽ «ዱርሲቱ፣ አባባ ከማረፋቸው በፊት ስሜን አንስተው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሕመሙ ጠንቶባቸው ነበር፤ ብዙም አያወሩም» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ባልሽ ሕዝቅያስ ደግፎሽ ወደ ታክሲው ሲወስድሽ እያየሁ እንኳ ተናገሪ ተናገሪ ቢለኝም አፌ አልከፈት አለ። በስልክ ብጀምረው እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ።

ጥር ላይ እዚህ ቡራዩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ክርስቲያኖች አንድነት አብረው ሊጸልዩ ተስማሙ። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድ አዳራሽ። ከየሰፈሩ ሽማግሌ ሲመረጥ አባባም ተመረጡ። ታውቂያቸው የለ፣ «ከእነሱ ጋር ቆሜ አልጸልይም!» ብለው መልእክተኛውን መለሱት። ቤተ ክርስቲያናችንን ትተሽ ፕሮቴስታንቱን ሕዝቅያስን ካገባሽ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምሽ በቤታችን አልተነሳም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ልብስ ሳሰጣ ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ሲለሳለሱ እንደሚሉት በኦሮምኛ ‹ልጄ› ብለው፤ «ያቺ ልጅ እዚያ ጸሎት ላይ ትመጣ ይሆን?»

«ማን?» አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

«እህትሽ ናታ። ደውዪላት። ‹አባትሽ ይመጣል፤ አንቺም ነይ ብሎሻል› በያት።»

እሺ አልኩ። አልደወልኩም።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ገላቸውን ያጠብኩ፣ ሌሊት ሲብስባቸው ያገላበጥኩ፣ የመጣልኝን ትዳር «አባቴን ለማን ልተው» ብዬ የመለስኩ እኔ። እንደዚያ በሚለምን ድምፅ ግን አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። ቅናት ነው ተረፈች፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። በዋዜማው «ደወልሽላት?» ሲሉኝ፣ «አዎ፤ አልመጣም ብላለች» አልኳቸው።

«አልፈርድባትም» አሉ። «ቢሆንም እንሂድ። ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል።»

ደግፌ ወሰድኳቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቄሱ ወንጌል አነበቡ፣ ፓስተሩ በኦሮምኛ ጸለየ፤ ከዚያ ሁሉም ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር እንዲጸልይ ተባለ። ከአባባ አጠገብ ደስታነሽ የምትባል ከወላይታ መጥታ ሕንፃ ሥራ ላይ የምትውል ፕሮቴስታንት ሴት ነበረች።

«ዱከም ፋብሪካ የምትሠራ ልጄን ታውቂያት ይሆን?» አሏት። «የእናንተ ናት።»

«አላውቃትም አባባ። ስሟን ይንገሩኝና አብረን እንጸልይላት።»

«ተረፈች» አሉ አባባ። ደግመውም «ተረፈች ዲሪርሳ» አሉ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ይዛ ስምሽን እየጠራች ጸለየች። ከእነሱ ጋር ቆሜ አልጸልይም ያሉት አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን፣ አሜን ይሉ ነበር። እኔ ከኋላቸው ስልኬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔም ብደውልልሽ ቢያንስ ድምፅሽን ይሰሙ ነበር።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አባባ ደጁ ላይ ቆመው የምታልፈውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን ያዩ ጀመር። ጥበቃው «አባት፣ ልዘጋ ነው» ባይላቸው የሚንቀሳቀሱ አልነበሩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያረፉት አንቺ እምቢ እንዳልሻቸው አምነው ነው። እንዲያምኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ለንስሐ አባቴ ስናገር «መጀመሪያ ለእሷ ንገሪ» አሉኝ። ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ቅዳሜ ዱከም እመጣለሁ፤ የምትይኝን ሁሉ ፊት ለፊት በይኝ። እኔን ዳግም ለማየት ባትፈልጊ እንኳ ይህን ግን ዛሬውኑ እወቂ፤ አባትሽ ጠርተውሽ ነበር።

የበደለችሽ እህትሽ፣
ዱርሲቱ