«አልሐምዱሊላህ» ያለች በሽተኛ

ውድ ሐኪሜ፣

እናቴ ባወጣችልህ ስም ነው የምጠራህ። ዶክተር ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ እንደ ድሮው ወንድሜ ማለቱም ገና አልሆነልኝም። በአንድ ግቢ አብረን አድገን በደብዳቤ መነጋገራችን ይገርማል። ፊትህን እያየሁ ግን ይህን ሁሉ ማለት አልችልም።

ያን ቀን እናቴን ደግፌ ክሊኒክህ ሳመጣት ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ነበር። እሷን አልጋው ላይ አስቀመጥካትና እኔን፣ «አንቺ ውጪ ጠብቂ፣ ቦታው ጠባብ ነው» አልከኝ። ውስጥ የተባባላችሁትን በኋላ ከራስህ አፍ ነው የሰማሁት።

«ሆድሽን እንዴት ነው እማዬ? ተሻለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሕመሙ ቀለል አለልሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።»

ሆዷን ሳትነካ ማስታገሻ ጽፈህ ሰደድካት። በማግስቱ ትልቁ ሆስፒታል ስናደርሳት አንጀቷ ተበስቶ ነበር። ከቀዶ ጥገናው አልተመለሰችም።

ሐኪሜ፣ ይቺ ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ ግራው ነው» ያለች ሴት ናት። አንተም ነበርክ፤ ሆዳችንን ይዘን ስቀንባታል። የእሷ አልሐምዱሊላህ ምስጋና እንጂ የምርመራ ውጤት እንዳልሆነ ከሐኪም ሁሉ አንተ ታውቅ ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» እያለ ሲያጽናናን፣ አንተ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ገባህና መሃል ቆምክ። «ቀደሩ የአላህ ነው። ሆዷን ያልነካሁት ግን እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ» አልክ። ወንድሞቼ ተነስተው አቀፉህ፣ «አፉ ብለናል» አሉህ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከቀናት በኋላ ሼኻችን ዘንድ ሄጄ፣ ወንድሞቼ አፉ ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የአንቺ ሐቅ የአንቺ ነው፤ ማንም አያነሳልሽም» አሉኝ። ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም የሚገባውን ሁሉ አድርጎ በሽተኛው ቢሞት አይጠየቅም፤ የሚገባውን ከተወ ግን፣ አስቦ ባያደርገው እንኳ ኃላፊነቱ ከትከሻው አይወርድም ብለው አስረዱኝ። «ወንጀልና ኃላፊነት ለየብቻ ናቸው ልጄ። በስህተት የሆነውን አላህ ይምራል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱን ይጠብቃል።»

በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚጾመውን ጾም፣ ሁለት ወር አከታትለህ መጾም መጀመርህንም ያኔ ነገሩኝ። እንዲህ ባለው ጉዳይ ጾሙ ግዴታ ስለመሆኑ የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ ዑለማዎቹ፣ ይለያያሉ ቢሉህ፣ «እኔ ውስጥ ግን ልዩነት የለም» ብለሃቸዋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ይራብ፣ ይጠማ፣ ይበለው አልኩ።

ቀጥሎ ክሊኒኩን ዘጋህ። እጄን አላምነውም ብለሃል አሉ። የጎረቤታችን ነፍሰ ጡር በርህን አንኳኩታ አንኳኩታ ተመለሰች፤ ለልጅ ሳል እንኳ ሰዉ ሁለት ታክሲ ይዞ መሄድ ጀመረ። ያ ደስታዬም የት እንደገባ አላውቅም። እናቴ ብትኖር፣ «ሐኪሜን ቤት ያስቀመጠው ማነው?» ብላ እኔን ነበር የምትቆጣው።

ትናንት ሼኻችንን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ሳላስበው ስለ አንተ ጠየቅኩ።

«ጾሙን ጨርሷል። ከስቷል፣ ከሰው አይቀላቀልም» አሉኝ። «እንዴት ነህ ስለው ግን አልሐምዱሊላህ ይለኛል።»

ደህና ነው ማለታቸው ነበር። መቁጠሪያቸውን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እኔ በዚህ ቃል እናቴን ቀብሬያለሁና እንደ እሳቸው አልሰማውም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አፉታዬን ትፈልጋለህ፤ አልከለክልህም፣ በወረቀት ግን አልሰጥህም። ቤት ና። ውጪ ጠብቅ የሚልህ የለም። እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀምጬህ፣ አንተ ያልጠየቅካትን እጠይቅሃለሁ። አልሐምዱሊላህ ብለህ እንዳታልፈኝ።

የቱ ጋ ነው የሚያምህ?

ውጪ ስትጠብቅ የነበረችው እህትህ