ማጅራታቸውን አንቺ የሣልሽላቸው ዘፋኞች

ለባለቤቴ ለይታይሽ፤

በልጅነቴ ለቁራሽ እህል በየደጁ ስቆም ውሻ ነክሶኛል፤ አላማረርሁም። ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል ብስት የኔታ በአለንጋ ገርፈውኛል፤ ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስስብ ደረቴ ታሟል፤ ከክፍል የቀረሁበት ቀን ግን የለም። አንቺን በቀበርሁ ዕለት እንኳ ለቀስተኛውን ቆሜ አስተናገድሁ እንጂ በሰው ፊት አላነባሁም። ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለእግዚአብሔርም ለሰውም አቤት ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን አቤት እላለሁ። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬንም የምነግረው ካንቺ በቀር ሰው የለኝም።

ቤታችን እንደ ተውሽው አይደለም። በመንገዱ በኩል ያለችው የጠጉር ቤትሽ ተከራይታ የሞባይል መጠገኛ ሆናለች። የጠጉር ማድረቂያ ካስክሽም በጋሪ ተጭኖ ሄዷል። ይህን ሁሉ ዝም አልሁ። ሣጥንሽ ግን ከአልጋችን ግርጌ ነበረች፤ በእኛ ሰባዎቹ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት፣ የሐይቁ ዳር ሆቴል እንግዶች በየክፍላቸው ትተዋቸው የሄዱትን የፈረንጅ ዘፋኞች መጽሔቶች ያጨቅሽባት ሣጥን። የሆቴሉ ልብስ አጣቢ ጓደኛሽ የቀበሌ ሰዎች እንዳይነጥቋት በነጠላዋ ሸሽጋ ታመጣልሽ ነበር፤ አንቺም ጠጉሯን አሳምረሽ ትሸኛት ነበር።

በሰኔ ደልጊ የምትኖረው እኅቴ ታማ ልጠይቃት ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሣጥኗ ባዶ ናት። ልጃችን ትዕግሥት፣ «አባዬ፣ አይጥ ሊበላው ስለሆነ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ካፌ ለከፈተ ልጅ ሰጠሁት፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ እማዬም ብታየው ደስ ይላታል» አለችኝ። ደስ እንደሚልሽ ማን እንደ ነገራት አላውቅም።

እነዚያን መጽሔቶች እኔ እንደምጠላቸው አገር ያውቃል። ወንዱ ዓይኑን ተኩሎ፣ ሴቲቱ ጠጉሯን እንደ ጃርት አቁማ፣ ሌላዋ መስቀል በጆሮዋ አንጠልጥላ፣ በመምህር ቤት ምን ይሠራሉ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጣሁ! አንቺም «የኔታ ደግሞ ጀመሩ!» ብለሽ በደንበኞችሽ ፊት ትስቂብኝ ነበር። ይሁን እንጂ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር፣ የምታስነብቢው እኔኑ ነበር። ስለ ዘፈኑ አትጠይቂኝም። እናቱ በሕይወት አለች? ይህችኛዋስ አገባች? ነበር ጥያቄሽ።

ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ፤ በትክክል አልተረጎምሁልሽም። ሚስቱን ፈታ የሚለውን በሰላም ይኖራሉ አልሁሽ። ሰክሮ ከመድረክ ወደቀ የሚለውን ጉንፋን ይዞት ነበር አልሁሽ። ነውር ከአፌ እንዳይወጣ ብዬ ነው። አንቺ ግን አመንሽኝ፤ ሁሉንም ጨዋ ልጆች አድርገሽ በየስማቸው ትጠሪያቸው ጀመር፤ እኔም ውዬ አድሬ እንደ ዘመድ ልጆች ወደድኋቸው። መልካቸውን ዛሬም አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አንዱን ገጽ ዘርግታ «እንደዚች አድርጊኝ» ያለችሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ፎቶው የሚያሳየው ፊቷን ብቻ ነው። ከኋላ እንዴት እንደ ተሠራ ለማየት ገጹን ገለበጥሽው፤ ያገኘሽው ግን የቴፕ ማስታወቂያ ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንቺ በበሩ ሳልፍ ጠርተሽኝ እርሳሴን ከኪሴ መዘዝሽና በነጩ ጠርዝ ላይ የዘፋኟን ማጅራት ሣልሽው፤ የጠጉሩን አወራረድ፣ የጠጉር መጠቅለያው ቢጎዲን የሚዞርበትን አቅጣጫ፣ ከሥሩም የደንበኛሽን ስም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ፎቶ ጎን እንዲሁ አደረግሽ። የባሕር ዳር ሴት ከፊቷ ለንደንን ብትመስልም ከኋላዋ ያንቺ ሥራ ነበረች። የኋላውን ያስተማረሽ ፈረንጅ የለም።

ፔዳ ሄድሁ። ዘፋኞቹ በመስታወት ገብተው ግድግዳውን ሞልተውታል። ተማሪዎች ከሥራቸው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ በጠጉራቸው ይሣለቃሉ። አንዱ «ፋዘር፣ ሙድ አለው አይደል?» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ቀረብሁ። ጠርዙ የለም። ይታይሽ፣ ጠርዙ የለም! ባለ ካፌውን ጠራሁት። «አባባ፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞነጫጭሮ ቆሽሾ ነበር፤ ቆርጠን አስተካከልነው» አለኝ፤ እንዳመሰግነውም ይጠብቃል። ቁራጮቹስ? አልሁት። «ከቆሻሻው ጋር ሄዱ።»

ከዘራዬን በጠረጴዛው ላይ አሳረፍሁት። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ዘፋኞቹን ይስቀላቸው፤ እነርሱን የሚያውቅ ዓለም ሙሉ ሰው አላቸው። የጣለው ያንቺን እጅ ነው፤ ለሌላ ሰው ተርፎ የማይገኘውን። የቀረውን አምጣ አልሁት፤ ስልሳ ተማሪ ጸጥ በማሰኝበት ድምፅ። ገና መቁረጫ ያልነካቸው አሥራ አንድ መጽሔቶች ከካርቶን ወጡ። ታቅፌያቸው ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ሣጥን፣ አሥራ አንድ!

ትዕግሥት «እኔም እርሳሱ የልጅ ጫር ጫር መስሎኝ ነበር» ብላ አለቀሰች። በዚያ ጠጉር ቤት ወለል ላይ እየዳኸች ያደገች ልጅ! አላባበልኋትም። ኋላ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ቁጣው ወደ ራሴ ዞረ። አንድ ክረምት መጽሐፍ አይሞነጫጨርም ብዬ ሁለት ገጽ በላጲስ ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝ። አንቺ ቃል ሳትናገሪ መልሰሽ ሣልሽው። ምነው ያን ጊዜ በጮኽሽብኝ! ከካፌው ልጅ በምን እሻላለሁ?

ባለፈው ማክሰኞ ካንቺ እጅ ሙያ ተምራ ዛሬ መሸንቲ የራሷን ጠጉር ቤት የከፈተችው ብርቱካን ልትጠይቀኝ መጣች። አንዱን ገጽ ዘረጋሁላት። ዘፋኟን አላየቻትም። ጣቷን በእርሳሱ መስመር ላይ እየነዳች፣ «እትዬ እዚህ ላይ ወደ ግራ ነበር የሚጠቀልሉት፤ እኔ እኮ ስሳሳት ኖሬያለሁ!» ብላ በባዶ እጇ አየሩን መጠቅለል ጀመረች። እኔ አርባ ዓመት ያየሁት መስመር ብቻ ነው። እርሷ አነበበችው።

ስለዚህ ቁርጡን እነግርሻለሁ። ቤቱ ለትዕግሥት ነው፤ ይቅርም ብያታለሁ፣ ቁጣዬ ገና ባይበርድም። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ የእጅሽን ሥራ አልረሳም፤ ነገር ግን የእኔ ማስታወስ ከእኔ ጋር የሚቀበር ነውና አይበቃም። አሥራ አንዱን መጽሔቶች ከነጠርዛቸው፣ መቀስሽንና ቢጎዲኖችሽንም ጨምሬ፣ ለብርቱካን አወርሳለሁ። ከሞትሁ በኋላ አይደለም፤ ቅዳሜ መሸንቲ ሄጄ በእጇ አስረክባታለሁ።