በማላውቀው ቋንቋ ለመረቅሽኝ እናቴ

ለእማዬ፣ ለሚስ ዶራ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺማ ደኅና ነሽ፤ ደኅና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል፤ ንዴቴ ግን እንደ ፉሪ ተራራ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የተቀበርሽ ዕለት ሰው ሁሉ ኀዘን መስሎት ደገፈኝ እንጂ፣ እኔስ የምንቀጠቀጠው በንዴት ነበር። ሙት ይከበራል ስለሚባል እስከ ዛሬ ዋጥ አድርጌው ቆየሁ። ከእንግዲህ ግን አልችልም፤ እናትና ልጅ ደግሞ አይተፋፈርም። አንቺ የምታውቂውን ነገር መልሼ ስነግርሽም አትታዘቢኝ፤ ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለምፈልግ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ኖራ ተቀብቶ አምሮበታል። ክፍልሽ ውስጥ አዲስ ነርስ ገብታለች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ግን እንደ አንቺ፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው፣ ላሚቱ ወለደች ወይ ሳትል መርፌዋን ትወጋለች። የጓሮውን ባሕር ዛፍ የሚሲዮኑ ኃላፊ አስቆርጦታል። እዚህም አገሩ ተናውጧል እማዬ፤ አንድ ቀን ወታደሩ፣ አንድ ቀን ተማሪው፣ አንድ ቀን ታክሲው አመፀ ይባላል። ኃላፊው ሚስቱንና ሣጥኖቹን አስቀድሞ ወደ አገሩ ልኳል። ለጊዜው ነው ይለናል። አንቺንም ከቻይና ሲያስወጡሽ ለጊዜው ነው ብለውሽ አልነበር?

አባትሽ ከፈረንጅ አገር ለስብከት ሄደው አንቺም እዚያው ቻይና ተወለድሽ፤ አድገሽም ወላጅ የሌላቸውን ሴቶች ልጆች ሰብስበሽ ስታሳድጊ ኖርሽ። ጦርነት መጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት ተለወጠ፤ የውጭ ሰው ይውጣ ተባለና ወደ ሰበታ መጣሽ። እኔም እናቴ ሞታ ከተጂ መጥቼ ልብስ አጣቢሽ ሆንኩ። አንቺ ግን አጣቢ አድርገሽ አልተውሽኝም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል አስተማርሽኝ፣ ቁስል ማጠብና ማሰር አሳየሽኝ፣ ሰው ሁሉ ሚስ ሲልሽ እኔ እማዬ አልኩሽ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ያን ባዶ ውሃ አፍልተሽ ስትጠጪ የገበያ ሴቶች በሳቅ ይሞቱ ነበር። ሚስ ዶራ ሻይ ቅጠል አለቀባት መሰለኝ፣ እናዋጣላት ይባባሉ ነበር። አንቺም ቻይና እንዲህ ነው የምንጠጣው ብለሽ አንዷን አስቀመስሻትና፣ ይሄ ሆድ ያጥባል እንጂ ሰው አያጫውትም ብላሽ ሄደች። ስለ ቻይና ከዚህ ከሙቅ ውሃ በቀር የምትነግሪን ነገር አልነበረም። ስጠይቅሽ ፊትሽ እንደ መስኮት ይዘጋል።

አንድ ቀን ብቻ፣ ፋሻ እየጠቀለልን ሳለ፣ ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ። ከዚያ አገር የወጣሽ ዕለት ወታደሮች መንገዱ ላይ ቆመው ነበር፤ ከአንቺ ጋር የታየች ልጅ ትጎዳለችና ልጆችሽን ዘወር ብለሽ እንኳ ሳታያቸው፣ አንዷንም ሳትመርቂ ሄድሽ። ትንሿ ሜይ ትባል ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ስትጠራሽ ሰምተሽ ዝም አልሽ። ይህን ነገርሽኝና ፋሻውን ጠቅልይ፣ ምን ታፈጫለሽ ብለሽ ተቆጣሽኝ።

ባለፈው ዓመት ግማሽ ጎንሽ ሲያዝ መጀመሪያ የሄደው አማርኛሽ ነው። ቀጥሎ እንግሊዝኛሽ ሄደ። ኃላፊው መዝሙረ ዳዊት ሲያነብልሽ እንደ ግድግዳ ታዪው ጀመር። የቀረሽ ቻይንኛ ብቻ ሆነ። ጎረቤቱ መንፈስ ነው፣ ጸበል ትወሰድ አለ፤ ኃላፊው ደግሞ ትቃዣለች አለ። ሁለቱም ውሸት ነው። የሚቃዥ ሰው መልስ አይጠብቅም። አንቺ ግን ትናገሪና ዓይኔን እያየሽ ትጠብቂኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስልሽ? ስንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንዲት ቃል ብታስተምሪኝ ምን ነበረበት? በሰው ቋንቋ ስትመጪብኝ እንደ ግዑዝ አስቀመጥሽኝ። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።

ልጅ እናቱን አስታሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምርቃት ነው የሚጠይቀው። እኔም ተንበርክኬ ራሴን ከእጅሽ ሥር አስገባሁና መርቂኝ አልኩሽ። ደህናው እጅሽን ጸጉሬ ላይ ጫንሽው። ረጅም ነገር ተናገርሽ፣ እንባሽም ወረደ። እኔ በየመሐሉ አሜን፣ አሜን እላለሁ። በመጨረሻ ሜይ አልሽ። አየሽ? ራሴ ላይ ያለው እጅ የእናቴ ነው፤ ስሙ ግን የሌላ ነው።

ያን ቀን ማወቅ አለብኝ አልኩ። አዲስ አበባ ወርጄ ምግብ ቤት የከፈተ ቻይናዊ ጠይቄ አገኘሁ፤ አስተናጋጆቹ ጋሽ ቼን ይሉታል። የሚያርፍበት ቀን ሰኞ ነውና ሰኞ ሱፉን ለብሶ፣ ብርቱካን በከረጢት ይዞ፣ በአውቶቡስ ሰበታ መጣልኝ። ኃላፊው ከበሩ አላሳልፍ አለው። ያባረሯት እነዚህ ናቸው፣ ፊቱን ስታይ ትደነግጣለች አለ። ጋሽ ቼን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ እኔም የተባረረ ነው፣ ያው መንግሥት ነው ያባረረ እያለ ቢለምን ማን ይስማው! ጨዋነት ያስተማርሽኝ እኔ ልጅሽ አፌን ከፈትኩ። ጌታዬ፣ እሳቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑት እርስዎ ሲገቡ ነው አልኩት። ቀላ፣ ግን በሩን አልከፈተም። ጋሽ ቼን ብርቱካኑን ለዘበኛው ትቶ በመጣበት ተመለሰ። አንቺ ረቡዕ ሞትሽ። የሚገባሽን አንድ ቃል እንኳ ከሰው አፍ ሳትሰሚ ሞትሽ! ይህን ለኃላፊው ይቅር እላለሁ ብለሽ አትጠብቂ።

በቀብርሽ ላይ ደግሞ እኅታችን ጌታን እያመሰገነች አረፈች ብሎ ሰበከ። በምን ቋንቋ? ማን ሰምቶ፣ ማን ተርጉሞለት? የደስታ ቀን ነው አታልቅሱ ብሎ የሰበታን ሴቶች አፋቸውን አስይዞ አቆማቸው። ግድ የለም፤ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቱሉ ድንኳኑን እኔ ደጅ አስተከሉና፣ ስትወልድ ያዋለድሻት ሁሉ መጥታ እንደ ወጉ አለቀሰችልሽ።

ከአርባሽ በኋላ ጋሽ ቼን ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በዚያው ከንግግርሽ ጆሮዬ ላይ የቀረውን፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ሁሉ፣ እንዳልሽው አልኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። አንቺ ቻይንኛ አይደለም፣ ዶሮ ነው አለኝ። ተናድጄ ደገምኩለት። ደገምኩለት። ከዚያ ሳቁን አቆመና ማንኪያውን አስቀመጠ። ሌላው አልገባውም፤ አንዷ ንግግር ግን በእሱ አገር ያለች እናት ሁሉ ለልጇ የምትላት ናት። ይበርዳል፣ ልብስ ደርቢ።

በቃ! እኔ እንደ አብርሃም ዘርሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ ያልሽኝ መስሎኝ! ለሜይ ይሆን ያልሽው ለእኔ? እዚያ በረዶ ነው አሉ። ግን አንቺም የሞትሽው በሰኔ ነው፣ ሰበታም በሰኔ ሰው ያንቀጠቅጣል። ለኦቦ ቱሉ አልቅሼ ነገርኳቸው። ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጇ የማን ራስ ላይ ነበር? አሜን ያለውስ ማን ነው? ታዲያ ምርቃቱ በአየር ላይ ይንሳፈፍ? አሉኝ።

እንግዲህ ወስጄዋለሁ። ያዕቆብ የወንድሙን ምርቃት የፍየል ቆዳ ለብሶ ወሰደ፤ እኔ አዮዲን የሸተተ ጋውን ለብሼ የእኅቴን ወሰድኩ። አልመልስም። ሜይ በሕይወት ካለች ትምጣና ትካሰሰኝ፤ አልጋ አነጥፍላታለሁ፣ ያን ጣዕም የለሽ ውሃም አፈላላታለሁ፣ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። ኃላፊውም ሣጥኑን ተከትሎ ይሂድ። መቃብርሽን የማርመው፣ ስምሽን የምጠራው፣ ዘወር ብዬ የማይሽ እኔ ነኝ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ንዴቴ አልበረደልኝም እማዬ። ሹራብ ግን ደርቤአለሁ።

ልጅሽ በቀለች