የጉሮሮዬ ማር

ጭሮ፣ ቅዳሜ ግንቦት 8

ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል፣ ሆዴ ግን እስካሁን ይስቃል። ለዕጩአችን ለኦቦ ጀማል ምርጫ መዋጮ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሚኤሶ በፀሐይ፣ ቦኬ በአቧራ፣ በድምፅ ማጉያ የሰጪውን ስም እየጠራሁ። የቅስቀሳ ቡድናችን ባለዲግሪዎች ጥላ ስር ተቀምጠው «ለፍላፊዋ» ይሉኛል።

ዛሬ በደጋፊዎች ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ስንሰጥ ስማችን ተጠራ፤ ብሩ ሲወጣስ ማን ይጥራው?» አሉ። ገንዘብ ያዡ ግርማ የወጪውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ቀማሁት።

«ገቢውን የጮህኩት እኔ፣ ወጪውንም እኔው!»

«ዱጋ! እውነቷን ነው!» አለ ሕዝቡ።

ቤንዚን፣ ቲሸርት፣ የድንኳን ኪራይ እያልኩ ስወርድ «ለቀስቃሿ ጉሮሮ፣ ማር ሁለት ኪሎ» የሚል አገኘሁ። ቀጥ አልኩ።

«የማን ጉሮሮ? የኔ እንኳን ማር ዝንጅብልም አላየ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ጀማል ራሳቸው፣ አምስት ዓመት ምክር ቤት ተቀምጠው እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፣ እንባቸውን እየጠረጉ «ግርማ፣ እስቲ አፍህን ክፈት፣ ንብ ይወጣ ይሆናል» አሉት።

አመሻሽ ላይ ግርማ ማሩን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። «እህቴ፣ ይኸው። ነገ ለሂርና ሕዝብ ወጪውን ስታነቢ ግን ያቺን መስመር ዝለያት።»

ማሩ ፊቴ ተቀምጧል። ብበላው ጉቦ ሊሆን ነው። ባልበላው ደግሞ የራሴው ማር ነው!

አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ወይኔ፣ ድምፄ መጣ! እንግዲህ ግርማ ይቻለው፤ ሂርና ያቺን መስመር መስማቷ ነው።