በወገባችን ልክ

ጥቅምት 4
የውሃ ፈረቃችን ቀን። ሃዊ ቦኖው ጋ ሃያ ደቂቃ ቆመች፤ ጄሪካኑን የሚያሸክማት ሰው አጥታ። ተከራዬ ናት፣ የሰባት ወር እርጉዝ። ብቻዋን ከመሬት ላንሳ ብላ በጉልበቷ ወደቀች። ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ጽንሱ ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔስ የት ነበርኩ? ሬዲዮ እያዳመጥኩ...

ጥቅምት 7
ከምንጩ በታች አዲስ ቦኖ ሊሠራ ነው። የውሃ ኮሚቴው ሦስት ሰው፣ ሦስቱም ወንዶች። ሊቀመንበሩን አቶ ደቻሳን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።
"ጄሪካን ተቀምጦ የምንሸከምበት ከፍ ያለ መደብስ?"
"አጥር አለው፣ ቁልፍ አለው። ምን ጎደለ፣ እትዬ የዓለምወርቅ?"
ውሃ ተሸክመው ያውቃሉ? ልላቸው ነበር። ደህና ይዋሉ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 10
ጠየቅኩ! በስብሰባው ፊት። ሙሉ ጄሪካን አስመጣሁ። "እስቲ ይሸከሙት።" አቶ ደቻሳ ሳቁ፣ ቁጭ አሉ፣ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉ... መነሳት አቃታቸው።
"አይዞዎት ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ እርጉዝ አይደሉም!" አለች ሃዊ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።
ጎረቤቴ ብርቅነሽ እጇን አወጣች። "ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ኮሚቴ ይግቡ!" መደቡ ተፈቀደ። እሷና እኔ ተመረጥን።

ጥቅምት 13
ሄጄ አየሁ። የመደቡ ሣንቃ በማን ልክ ቆመ? በደቻሳ ወገብ! ዝግባ በሚያህል ሰው! ነገ ሲሚንቶ ሊፈስበት ነው።
አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቀሚሳችንን ጠርዝ በማስመሪያ ይለኩብን ነበር። ያኔ ያስለቅሰኝ ነበር... ዛሬ አሥራ አራት ሴቶች የቤቴ በር ላይ አቁሜ የወገባቸውን ልክ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። አንዲቱ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ መጣች፤ አስወለቅኳት። አማካዩ ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር።

ጥቅምት 14
በማለዳ ደረስኩ።
"እማማ፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል እኮ!" አለ ግንበኛው።
"ሣንቃውን ዝቅ አድርግ።"
"ሊቀመንበሩ ሳያዙኝ?"
"እኔም ኮሚቴ ነኝ።"
አልኩት! ድምፄም አልሰለለ። ዝቅ አደረገ። ሁለት ጊዜ ለካሁ።

ኅዳር 5
ውሃው መጣ! ደቻሳ ራሳቸው መጥተው፣ "ለላይኛው ሠፈርም ቦኖ ሊሠራ ነው፤ ሜትርዎን ይዘው ይምጡ" አሉኝ።
ሃዊን ከግማሽ በላይ እንዳትሞዪ አልኳት። ጄሪካኑን መደቡ ላይ አስቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ገመዱን አጠበቀች... ቀጥ ብላ ተነሳች። ከኋላዋ ቆሜ ነበር፣ ላሸክማት ሁለት እጄን ዘርግቼ። ዞር ብላም ሳታየኝ ሄደች።